ሽበት ያለው ሰው ብስክሌት ቢነዳ ምን ነውር አለው?



ከዚህ ቀጥዬ የማቀርበውን ሐሳብ ለአንባቢዎች ደብዳቤ ከተመደበው ዓምድ ውስጥ ጥቂት ቦታ ሰጥተው እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጽሑፉ ረዘም ያለ መሆኑን ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን ጉዳዩ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጠን ዕድሜያችንን ለምንፈጅ ሰዎች ሁሉ የሚነካ ስለ ሆነ፣ አዘጋጁም አንባቢውም በትዕግሥት እንደሚመለከቱልኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

በከተማችን አንድ የቈየ አስተያየት አለ። ሕፃን ብስክሌት ቢነዳ ጨዋታ ነው፤ ጐረምሳ ቢነዳ ስፖርት ነው፤ ተላላኪ ቢነዳ እንጀራው ነው ይባላል። ጠጕሩ የሸበተ፣ ልጆች አሳድጎ የዳረ፣ በመሥሪያ ቤቱም በማዕርጉ ይጠራ የነበረ ሰው ቢነዳ ግን፣ ወይ ደኽይቷል፣ ወይ ነገሩ ሁሉ ተዛብቶበታል ተብሎ ይታዘንለታል። እኔም ብስክሌት መንዳት በጀመርኩ ሰሞን አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ምነው? መኪናዎን ሸጡት እንዴ?» ብሎኛል። ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከልቡ ያዘነልኝ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ይህ ዐይነቱ ሐዘኔታ ብዙ ሰው በቤቱ ተቀምጦ እንዲቀር ስለሚያደርግ፣ በበኩሌ ያየሁትንና የደረሰብኝን ለአንባቢዎች መግለጽ ይገባኛል ብዬ ተነሣሁ።

በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት 38 ዓመት በመዝገብ ቤትና በሒሳብ ክፍል አገልግዬ በ2009 ዓ.ም. 60 ዓመት ሲሞላኝ ጡረታ ወጣሁ። በዚያው ቀን ከእኔ ጋር የተሰናበትነው አምስት ነበርን። ሻይ ቀረበ፤ ንግግር ተደረገ፤ ለእያንዳንዳችን የግድግዳ ሰዓት ተሰጠን። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ከአምስቱ ሁለቱ ዐረፉ። ምክንያቱ መቀመጣቸው ብቻ ነው ለማለት ሐኪም አይደለሁም፤ ዳሩ ግን ሁለቱም ከተሰናበቱ በኋላ ከቤታቸው ደጃፍ እምብዛም እንዳልራቁ ዐውቃለሁ። እኔንም በዚያው ጊዜ የደም ግፊት ይዞኝ ኖሮ ሐኪሜ መድኃኒት ካዘዘልኝ በኋላ፣ «መድኃኒቱ የሥራውን ግማሽ ነው የሚሠራው፤ የቀረውን ግማሽ እርስዎ በእግርዎ ይሠሩታል» አለኝ። ጕልበቴን በቀድሞው ዘመን ተመትቼ ስለ ነበረ ብዙ መንገድ በእግር መሄድ ያሳብጠዋል። ስለዚህ ሐኪሙን አማክሬ ያገለገለ ባለማርሽ ብስክሌት ገዛሁ።

ነገሩን በአንድ ቀን አልጀመርኩትም። በመጀመሪያው ዓመት መኪና ሳይበዛ በማለዳ በሰፈሬ እዞር ነበር። በሁለተኛው ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን እስከ እንጦጦ ግርጌ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ እስከ ጫፉ መውጣት ቻልኩ። በሦስተኛው ዓመት ከአንድ የቀድሞ መምህር ባልንጀራዬ ጋር በአሮጌው መንገድ ቢሾፍቱ ደርሰን አድረን ተመለስን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ሰውነቱን እንደ አዲስ ሥራ ቀስ ብሎ ማስለመድ እንጂ አስደንግጦ ማስነሣት አይገባውም።

በ2012 ዓ.ም. ጥር ወር፣ የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ፣ እኔ በ63 ዓመቴ፣ ባልንጀራዬ በ66 ዓመቱ ከአዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጭ በብስክሌት ለመሄድ ተነሣን። በዓለም ገና በኩል ወጥቶ፣ በመልካ ቁንጥሬ አዋሽን ተሻግሮ፣ በጢያ፣ በቡታጅራ፣ በወራቤ፣ በሆሳዕና፣ በአረካና በወላይታ ሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ የሚገባው መንገድ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በመኪና የአንድ ቀን ጕዞ ነው፤ እኛ ግን የዕረፍቱን ቀን ጨምረን 12 ቀን ወሰድንበት።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ አርባ ምንጭ ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ይህን የሚሰማ ሰው «እንግዲያው መንገዱ ቍልቍለት ነው፤ ምኑ ያደክማል?» ይል ይሆናል። የአገራችን መንገድ ግን እንዲህ በቀላሉ አይወርድም። ወንዝ ባለበት ይወርዳል፤ ከተማ ባለበት ይወጣል፤ ጠዋት የወረድነውን ከሰዓት በኋላ እንድንመልስ ያስገድደናል። ቡታጅራም ሆሳዕናም ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። በተለይ ከሆሳዕና እስከ ሶዶ ያለው መንገድ ተራራና ሸለቆውን እየቈጠረ የሚሄድ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ዳገቱን ግን እንደፈራነው አላገኘነውም። የዚህንም ምክንያት በሒሳብ ክፍል ሰው ልማድ በቍጥር ላስረዳ። በልጅነታችን የምናውቀው ማርሽ የሌለው ብስክሌት ፊት ያለው ጥርስ 44፣ ኋላ ያለው 18 ቢሆን፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ አምስት ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሜዳ ላይ ይህ መልካም ነው፤ ዳገት ላይ ግን ሽማግሌውንም ጐረምሳውንም ያወርዳል። የእኔ ብስክሌት በትንሹ ማርሽ ፊት 22፣ ኋላ 34 ጥርስ አለው፤ ስለዚህ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የሚሄደው አንድ ሜትር ከ30 ሳንቲም ገደማ ብቻ ነው። እግር በእያንዳንዱ ዙር የሚሸከመው ሸክም ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል ማለት ነው። ጠቅላላ ዕዳው አይቀነስም፤ ተራራው ያው ተራራ ነው። ነገር ግን የደመወዝ ብድር በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየተቈረጠ እንደሚከፈል፣ ዕዳው ተከፋፍሎ ስለሚከፈል ልብም ጕልበትም አይናጉም። በሰዓት አምስት ወይም ስድስት ኪሎ ሜትር እየተጓዝን፣ ከጎናችን እንጨት ተሸክመው ከሚወጡ እናቶች ጋር ሰላምታ እየተለዋወጥን ዳገቱን ሁሉ ወጣነው።

ለልካችንም መሣሪያ አልያዝንም። ዳገት ስንወጣ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳይቈራረጥ መናገር ከቻልን ልካችንን አላለፍንም፤ ሦስት ቃል ተናግረን ትንፋሽ ካጠረን ግን ወርደን ብስክሌቱን በእጃችን እየገፋን እንሄዳለን። ወርዶ መግፋት ነውር አይደለም። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ልቡ በደቂቃ ሊመታ የሚችለው ከፍተኛው ቍጥር እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ በ30 ዓመታችን የነበረንን ግልቢያ በ60 መፈለግ ከንቱ ነው።

ቍልቍለቱ ግን ከዳገቱ ይልቅ አሳሳቢ ነበር። ረጅም ቍልቍለት ላይ ፍሬን ጨብጦ መቈየት የጎማውን ክብ ብረት ያግለውና የውስጡን ጎማ ሊያፈነዳው ይችላል። ስለሆነም እየጨበጥን እየለቀቅን፣ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩም እየቆምን እናበርደው ነበር። በመታጠፊያ ላይ ከብት፣ አህያ፣ ባጃጅ ወይም ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች ድንገት ይገኛሉ። የወጣት አጥንት ቢሰበር በቶሎ ይጠገናል፤ የእኛ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ይህ መንገድ በብስክሌት ለሚሄድ ሰው የሚሰጠውንም ደስታ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በመሥሪያ ቤት መኪና ለሥራ ስመላለስ በጢያ በኩል ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ አላስታውስም፤ አንድ ቀን እንኳ ቆሜ አላየሁትም ነበር። በዚህ ጕዞ ግን የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያው አደርን። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት 36 ትክል ድንጋዮች መካከል 32ቱ ሰይፍና ሌሎችም ምልክቶች ተቀርጸውባቸዋል። ማታ ፀሐይ በጎን ስትመታቸው ቅርጹ ሁሉ ጎልቶ ይታያል። በቡታጅራ ክትፎና ቆጮ በላን፤ በሆሳዕና አንድ ቀን ሙሉ ዐረፍን። በየመንገዱም ልጆች «አባባ! አባባ!» እያሉ እየተከተሉ፣ ዳገት ላይ ከኋላ ይገፉን ነበር። እንደ ከተማው የታክሲ ረዳት ያዘነልን ግን አላገኘንም፤ ሁሉም «አይዟችሁ» ነበር የሚለን።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ በዕድሜ ለገፋ ብስክሌት ነጂ ጠላቱ ዳገት አይደለም፤ ሙቀትና ችኰላ ናቸው።

የአየሩ ሙቀት ሰው አንድ ሺህ ሜትር በወረደ ቍጥር ስድስት ዲግሪ ያህል ይጨምራል። የደጋ ሰው ቈላ ሲወርድ ሰውነቱ ሙቀቱን ለመልመድ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በሽማግሌ ሰውነት ላይ ደግሞ ሦስት ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛ፣ ላቡ እንደ ወጣት አይወጣም፤ ደሙም ወደ ቈዳው በብዛት ስለማይደርስ ሰውነቱን ቶሎ አያበርድም። ሁለተኛ፣ ኵላሊቱ ውሃ የመቈጠብ ችሎታው ቀንሷል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ውሃ ሲጐድለው ጥማቱ ዘግይቶ ይሰማዋል። ወጣት ሲጠማው ቢጠጣ ይበቃው ይሆናል፤ ሽማግሌ ግን ጥማቱን ሲጠብቅ ቀድሞ ይደርቃል። ለደም ግፊት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹም ውሃን በሽንት የሚያስወጡ ስለ ሆኑ፣ እንደ እኔ ያለ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ወደ ቈላ መውረድ የለበትም።

ስለዚህ በጥማት ሳይሆን በሰዓት እንጠጣ ነበር። በየሩብ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት እየተጐነጨን፣ በሙቀት ጊዜ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ እናደርስ ነበር። ላብ ጨውም ስለሚያስወጣ ንጹሕ ውሃ ብቻ አብዝቶ መጠጣትም ጕዳት አለው። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት፣ በየጤና ጣቢያው ተቅማጥ ላለበት ሕፃን የሚመከረው ቅመም፣ ላብ ላሟጠጠው ሽማግሌም ይጠቅማል። የደም ግፊት ያለበት ግን የጨውን ነገር አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ለምግቡ ከአያቶቻችን ስንቅ የሚበልጥ አላገኘንም፤ በሶ በጥብጠን እንጠጣለን፤ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በኪሳችን እንይዛለን። በሶ በሙቀት አይበላሽም፤ ሆድን አይከብድም፤ ዋጋውም ለጡረተኛ ኪስ የሚስማማ ነው።

ከውሃው በላይ የጠቀመን ግን የሰዓት አከፋፈላችን ነው። ከማለዳው 12 ሰዓት ላይ ተነሥተን እስከ 4 ሰዓት ተኩል እንነዳለን። ከዚያ ጥላ ፈልገን፣ ምሳችንን በልተን፣ ጋደም ብለን እስከ 9 ሰዓት ተኩል እንቈያለን። መንገድ ከቀረን እስከ 11 ሰዓት ተኩል እንጨርሰዋለን፤ በጨለማ ግን አንነዳም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በሰዓት ፊርማ ገብቼ በሰዓት ፊርማ የወጣሁ ሰው ስለ ሆንኩ ይህን ሥርዐት መጠበቅ አልከበደኝም። እንዲያውም የመሥሪያ ቤት ልማድ ከመሥሪያ ቤት ውጭ የጠቀመኝ ያን ጊዜ ነው።

ሥርዐቱ የሚፈተንበት ቀንም መጣ። በዐሥረኛው ቀን ከሶዶ በማለዳ ተነሥተን በሁምቦ በኩል ወደ ስምጥ ሸለቆው ወረድን። በሁምቦ ተራሮች ላይ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቈተ መሬት ተከልሎ፣ ተቈርጦ የቀረው ጕቶ እንደገና እንዲያቈጠቍጥ ተደርጎ ደን ሆኗል። ከዚያ ሥር ስናልፍ አየሩ እንኳ ቀለል ያለ መሰለን። ዝቅ ካልን በኋላ ግን ጥላው አለቀ፤ በስተግራ የአባያ ሐይቅ ቀይ ውሃ ከሩቅ መታየት ጀመረ፤ ሙቀቱም ከላይ ከፀሐይ፣ ከታች ከአስፋልቱ ይመጣ ጀመር።

በዚያ ቀን የባልንጀራዬ ጎማ በግራር እሾህ ሁለት ጊዜ ተነፈሰ። ጥገናው አንድ ሰዓት ተኩል ስለ ወሰደብን፣ የዕረፍት ሰዓታችን ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ደረሰብን። ጥላ ፍለጋ ወደ ፊት ከመሄድ በቀር ምርጫ አልነበረንም። ጥቂት እንደ ሄድን የባልንጀራዬ ብስክሌት ወዲያና ወዲህ ሲል አየሁ። ቀርቤ፣ «መምህር፣ ደኅና ነህ?» አልኩት። «ደወሉ ተደውሏል፤ ልጆቹን አስገባቸው» አለኝ። በመጀመሪያ የሚቀልድ መሰለኝ፤ ዐይኑን ሳየው ግን ቀልድ አልነበረም። ግንባሩን ስነካው እንደ ምጣድ ይፋጃል። በሙቀት የተመታ ሰው ነገሩ ሲዛባና ሰውነቱ ሲግል፣ ያ ድካም ሳይሆን ሞት የሚያመጣ ሕመም ነው፤ ሐኪም እስኪገኝ ድረስም መጠበቅ አይገባም፤ እዚያው በዚያው ማብረድ ነው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከመንገዱ ዳር የሙዝ እርሻ ነበረ፤ በውስጡም የመስኖ ቦይ ያልፋል። ደግፌ ከሙዙ ጥላ ሥር አስተኛሁት። አንዲት እናት ከሴት ልጃቸው ጋር እየሮጡ መጡ። አማርኛ እምብዛም አይናገሩም፤ ልጅቱ ናት የምታስተረጕምልን። ሸሚዙን ከፍተን ከቦዩ ውሃ እየቀዳን ከራሱ እስከ እግሩ አረጠብነው፤ እናትዮዋ ሰፋፊ የሙዝ ቅጠል ቈርጠው ያራግቡለት ጀመር። ልቡናው እስኪመለስ ድረስ ምንም እንዲጠጣ አላደረግንም፤ ሐሳቡን ያልሰበሰበ ሰው ውሃ ትን ሊለው ይችላልና። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዐይኑን ገልጦ፣ «የት ነው ያለነው?» ሲለኝ እንባዬ መጣ። በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ ነርሷም ግሉኮስ ሰጥታ እስከ ማታ አቈየችው።

ባልንጀራዬ ነፍሱ ከተመለሰ በኋላ፣ ወደ ባጃጁ ሳንገባ፣ እኚያ እናት በልጃቸው አፍ አንድ ነገር ጠየቁን። «አባቶቼ፣ በዚህ ዕድሜያችሁ በዚህ ፀሐይ ማን አስገደዳችሁ?» አሉን። ባልንጀራዬ ተኝቶ ሳለ ፈገግ ብሎ፣ «እናቴ፣ ማንም አላስገደደንም፤ ደስታውም እሱ ነው» ብሎ መለሰላቸው። ልጅቱ ስትተረጕምላቸው እናትዮዋ ራሳቸውን ነቅንቀው ሳቁና ሙዝ በፌስታል ሞልተው ሰጡን። ገንዘብ ብንሰጣቸው እንቢ አሉ።

በማግሥቱ እዚያው አርፈን ዋልን። ነርሷ ለጥቂት ቀናት ብስክሌት እንዳይነዳ ስላዘዘችው፣ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ባልንጀራዬ ብስክሌቱን በአይሱዙ ላይ ጭኖ አርባ ምንጭ ገባ። እኔ በማለዳ ተነሥቼ የቀረውን 50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ፀሐይ ሳትበረታ ጨረስኩት። ስደርስ ዓሣ አሠርቶ ጠበቀኝ። ሰዎች «አቋርጠው ገቡ» እያሉ እንዳያስከፉት ብዬ ስጨነቅ፣ እሱ ግን እንዲህ አለኝ፤ «ሠላሳ ዓመት ፈተና አርሜያለሁ። ከ450 ኪሎ ሜትር 400ውን ነድቻለሁ፤ 89 ከመቶ ማለት ነው። 89 ያመጣ ተማሪ ወደቀ የሚል መምህር አይቼ አላውቅም።»

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ይህን ታሪክ የጻፍኩት ለማስፈራራት አይደለም። ሙቀቱ ባልንጀራዬን ሊገድለው ይችል ነበር፤ ያዳነውም ጕልበት ሳይሆን ምልክቱን ማወቅ፣ በቶሎ መቆምና የሰው እርዳታ ነው። ወጣት መንገድ ሲወጣ የሚመካው በጕልበቱ ነው፤ እኛ ግን መመካት ያለብን በዕውቀታችን ነው። መቼ መቆም እንዳለበት የሚያውቅ ሽማግሌ ሩቅ ይደርሳል።

ስለ ዕድሜውም ነገር ምስክር ልጥቀስ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1911 የተወለደው ፈረንሳዊው ሮቤር ማርሻን፣ በዚያው አቈጣጠር በ2012 አንድ መቶ ዓመት ካለፈው በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ24 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳ። በ2014፣ በ102 ዓመቱ፣ ወደ 27 ኪሎ ሜትር ከፍ አደረገው። በመካከሉ የሰውነት ጥናት ሊቃውንት ልምምዱን ተከታትለውለት ነበር፤ ሰውነቱ ኦክሲጅን የመጠቀም ችሎታው ከ101 እስከ 103 ዓመቱ ባለው ጊዜ መቀነስ ሲገባው ጨምሮ ተገኘ። በ2017 በ105 ዓመቱ 22 ኪሎ ሜትር ተኩል ከነዳ በኋላ፣ በ2021 በ109 ዓመቱ ዐረፈ። እኛም ሁላችን እንደ እርሱ እንሆናለን ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሰው ከብዙ ሚሊዮን አንድ ነው። ነገር ግን ሰውነት በሽምግልናም ቢሆን ከተለማመደ እንደሚሻሻል ያስረዳናል።

ብስክሌት ለእኛ አገርም እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ሲሆን፣ የላከቻቸውም ሯጮችና ብስክሌት ነጂዎች ነበሩ። እኔ በተወለድኩበት ዓመት አገሬ በብስክሌት ተወክላለች ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ ብስክሌት ዙር የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በባሕር ዳር ከተማም ብስክሌት መንዳት የተለመደ ነገር ነው። እንግዲያው ነውሩ የመጣው ከአገር ባህል ሳይሆን፣ መኪና የማዕርግ ምልክት ከሆነበት ጊዜ ወዲህ ይመስለኛል።

ስለዚህ በሥራ ላይ ላላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ የምመክረው ይህ ነው። ጡረታን ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁት። ሁለት ሦስት ዓመት ሲቀራችሁ ሐኪም ልባችሁንና የደም ግፊታችሁን ይመርምር፤ ከዚያ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን፣ በማለዳ፣ ጥቂት ጥቂት ጀምሩ። ብስክሌት ስትገዙ መልኩን ሳይሆን ትንሹን ማርሽ ተመልከቱ። ረጅም መንገድ ስትወጡ ብቻችሁን አትውጡ፤ ጓደኛችሁም የሙቀት ሕመም ምልክቱን የሚያውቅ ይሁን። ጭነታችሁ ከዐሥር ኪሎ አይብለጥ፤ የራስ መከላከያ ቆብ አድርጉ፤ ደማቅ ልብስ ልበሱ። የመንገዱን ሰላምም በየከተማው ከአገሬው ሰው ጠይቃችሁ ብቻ ተነሡ፤ ደኅና ካልሆነ ሌላ መንገድና ሌላ ጊዜ አለ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለእኛ ዕድሜ የተነገረ ይመስላል።

ለሚመለከታቸው ባለሥልጣኖችም አንድ ቃል አለኝ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገዶች በመሠራታቸው እኔና መሰሎቼ ከልብ እናመሰግናለን። ከከተማ ወጣ ሲባል ግን የአስፋልቱ ዳር በብዙ ቦታ ተሸርሽሮ እንደ ደረጃ ተቈርጧል፤ ከባድ መኪና ሲመጣ ብስክሌት ነጂው የሚወርድበት የለውም። አዲስ መንገድ ሲነደፍም ሆነ አሮጌው ሲጠገን፣ ከዳሩ አንድ ሜትር ያህል ደልደል ያለ ቦታ ቢተውለት ለብስክሌት ነጂ ብቻ ሳይሆን፣ ከብቱን ለሚነዳ ገበሬና ከትምህርት ቤት ለሚመለስ ልጅም ጥላ ከለላ ይሆናል። በመንገዱ ዳርም ዛፍ ቢተከል፣ በቈላ አገር አንድ ዛፍ የአንድ ሰው ሕይወት እንደሚያድን እኔ ምስክር ነኝ።

በመጨረሻም ሽበት ያለው ሰው በብስክሌት ሲያልፍ የምታዩ ወጣቶች ሆይ፤ አትዘኑለት። መኪናውን ሸጦ ላይሆን ይችላል። «አይዞህ አባቴ» በሉት፤ ዳገት ላይ ካገኛችሁትም፣ እንደ ሆሳዕና ልጆች፣ ከኋላው ገፋ አድርጉት።



ከአክብሮት ጋር፤
አንድ ጡረተኛ የመንግሥት ሠራተኛ፣
ከአዲስ አበባ